ትራስ ውስጥ የከረመው ፍላሽ

የሚስቴን ፍላሽ እህቷ ወሰደችብኝ። ከቀብር በተመለስን በሦስተኛው ቀን፣ ቁርአን የሚቀሩት ሰዎች ገና ሳይበተኑ፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ አነሳችና ጉያዋ ሸጉጣ ሄደች። መልሺልኝ ብላት ውሸታም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሰላም የተነጋገርንበት ቀን አልነበረም። በደሉ ይኸው ነው። የተበደለ ሰው ነገሩን ከሩቅ አዙሮ ማምጣት ይወዳል፤ እኔ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ እንደሌላው ቃል አላባክንም።

ፍላሹ የአውራ ጣት ያህል ነው። ሰማያዊ ነው። ክዳኑ ቶሎ ስለጠፋ ሚስቴ ዘህራ በአሮጌ የሻሽ ቁራጭ ትጠቀልለው ነበር። ውስጡ ያለው እኔና እሷ ከሀርጌሳ ተነስተን ኮምቦልቻ እናቷ ዘንድ የሄድንበት ጉዞ ፎቶ ነው። ዛሬ ሰው ምሳውን ሁሉ ፎቶ እያነሳ ይውላል፤ ነገ ደግሞ ያጠፋዋል። የእኛ ግን በዕድሜያችን አንድ ጉዞ ነበር፣ እሱም እዚያች ፕላስቲክ ውስጥ ነበር። ሌላ አንዲት የእሷ ጉርድ ፎቶ ነበረችኝ፤ እሷንም በአንዱ ክረምት የጣሪያው ፍሳሽ አጥቦ ነጭ ወረቀት አደረጋት። ከዚያ በኋላ የሚስቴን ፊት የማይበት ነገር በእጄ አልቀረም። ዓይኔን ጨፍኜ ላስታውሳት ስሞክር ድምፅዋ ቀድሞ ይመጣል፣ ፊቷ ግን ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄደ። ይህን ያደረገችብኝ እህቷ ከድጃ ናት ብዬ ነው ስኖር የነበርኩት።

ሰሞኑን ከድጃ ራሷ መጣች። መሐመድ ሞጌ ሰፈር ያለችው ብየዳ ቤቴ ደጃፍ ላይ የአንድ ሰውዬ የግቢ በር ቀለም እየቀባሁ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ መሐሉ ላይ ቀይ ኮከብ። የሀርጌሳ ሰው በሩ ካልጮኸለት ቤቱ የገባ አይመስለውም። ባጃጅ ቆመና አንዲት አሮጊት ወረደች፤ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ስትመጣ መጀመሪያ አላወቅኋትም።

«አንተ ሰውዬ፣ አለህ?»

«የት እሄዳለሁ? ወንበሩ በስተግራሽ ነው። ቀለም እንዳይነካሽ።»

«አሁንም አንቺ ነው የምትለኝ?»

«አቦ ከድጃ! ለዚህ ነው ከአያሃ ሰፈር ድረስ የመጣሽው?»

ይህ የቆየ ጠባችን ነው። እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ ድሬ ልጅ እናቱንም ሼኩንም አንተ አንቺ እያለ ነው የሚያድገው፣ ክፋት የለበትም። እሷ የወሎ ሰው ናት፤ የታናሽ እህቷ ባል አንቱ ካላላት የተሰደበች ይመስላታል። ያን ቀን ግን ነገሩን አልገፋችበትም። ተቀመጠች፣ ዓይኗን በተከናነበችው ጋርባሳር ጫፍ ጠረገች።

«ሞራ ጋርዶኛል» አለች። «ግራው ከጠፋ ቆየ። ቀኙም እየሄደ ነው። ሳይጠፋ አንዴ ልያት።»

«ማንን?»

«ማንን ይለኛል! እህቴን ነዋ።»

ከጉያዋ የትራስ ጨርቅ ቁራጭ አወጣች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ሰማያዊው ፍላሽ መዳፏ ላይ ወደቀ።

«ትራሴ ውስጥ ሰፍቼው ነው የኖርኩት» አለች።

«እና ይኸን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አላየሽውም?»

«በምን ልየው? ለማንስ ልስጥ? ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ወንድ ነው።»

 ሌባ ናት ብዬ የማስባት ሴት የሰረቀችውን ነገር ተንተርሳው ኖራለች እንጂ አላየችውም። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነክሬ ቆምኩ። የቀለሙ ሽታ ነው መሰለኝ፣ ሳላስበው መሐል ከተማ የነበረው ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ያ ቤት ሁልጊዜ ያልደረቀ የዘይት ቀለምና የጋለ ኮምፒውተር ይሸት ነበር።

በዚያ ዘመን ሼክ ኑር ሰፈር አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበረን። ቀን እሳት ነው፣ ማታ በረዶ። ሻይ በወተት አምስት መቶ ሽልንግ ነበር፤ አምስት መቶ ስል አትደንግጡ፣ የሽልንግ ነገር ይታወቃል፤ ሰው ለገበያ ገንዘቡን በፌስታል ነበር የሚሸከመው። መንዛሪዎቹ ክምራቸውን እንደ ብሎኬት አስፋልቱ ዳር ደርድረው፣ አዛን ሲሰሙ ጨርቅ ጣል አድርገውበት መስጊድ ይገቡ ነበር፣ የሚነካውም አልነበረም። ዛሬ ሁሉም በስልክ ሆኗል፤ ለማኙ እንኳ ቁጥሩን ይነግርሃል። ያኔ ወንዱ ሽርጥ ታጥቆ ከላይ ኮት ይደርባል፣ እኔም እንደዚያው። ዘህራ ደግሞ ዲራ መልበስ ለምዳ ነበር፤ ያ ስስ አበባማ ቀሚስ እሷ ላይ ሲሆን የሶማሌ ልብስ መሆኑ ይቀርና የኮምቦልቻ ይሆናል። ሼክ ኑር መታጠፊያ ላይ ካሴት ቤት ነበር። ጠዋት የሶማሌ የኡድ ዘፈን ያሰማል፤ ከሰዓት ባለቤቱ እንቅልፍ ሲጥለው ሱቁን የሚጠብቅለት የደሴ ሰው ቀስ ብሎ አማርኛ ይከታል። ዘህራ በዚያ ሰዓት ከሥራ ስትመለስ መንገዱን ታስረዝመው ነበር። እዚያ ጥግ ቆማ፣ የምትገዛው ነገር ያለ እያስመሰለች፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቲማቲም ትመርጥ ነበር። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ባለ መስታወት የስልክ መሸጫ ተሠርቷል። የብረት በሩን የበየድኩት እኔ ነኝ።

እሷ የምትሠራው አንድ አበሻ ቤተሰብ ዘንድ ነበር፣ የቢሮ ሰዎች። ለቀው ሲሄዱ ሴትዮዋ ያገለገለች ካሜራ ሰጠቻት፤ ብርማ፣ የሳሙና ያህል። ዘህራ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ናትና መመሪያውን አንብባ በአንድ ቀን ጨረሰችው። እኔ ደግሞ ፊደል የሚባል አልቆጠርኩም። ልጅነቴን በድሬ ደቻቱ ገበያ ሸክም ስሸከም ነው ያሳለፍኩት። ሦስት ቋንቋ እናገራለሁ፤ በአንዱም ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር። አለመማርን እንደ ቀልድ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ዛሬም እጄን ይበላኛል። የጠፋ አድራሻ ይዘህ፣ ሰሌዳው ፊትህ ተገትሮ፣ መንገደኛ እስኪመጣ መጠበቅ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የጠበቀ ነው። ኒካሕ ስናስር በአውራ ጣቴ ስፈርም ዘህራ አይታለች። ነገሩን በልቧ ይዛልኝ ኖራለች።

እናቷ ዘንድ ልትወስደኝ የተነሳን ጊዜ ነው ያወጣችው። ውጫሌ ላይ የኢትዮጵያን ድንበር ተሻግረን፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰሌዳ አጠገብ አውቶቡስ ስንጠብቅ ካሜራውን አወጣች።

«እዚህ ሥር ቁም።»

«ለምን?»

«ቁም ስልህ ቁም። ጣትህን ፊደሉ ላይ አድርግ።»

አነሳችኝ። «ምን ይላል?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ?»

«ሀርጌሳ ስንመለስ ታውቃለህ።»

ከዚያ በኋላ የቆምንበት ሁሉ ሰሌዳ ነበር። ጅጅጋ ላይ ሻይ ቤት፣ ሐረር ላይ ልብስ ስፌት፣ ድሬ ላይ የልጅነት ጓደኞቼ እያዩኝ ፀጉር ቤት። አዋሽ ጎሚስታ፣ ሚሌ መኝታ አለ። በየሰሌዳው ሥር እኔ፣ ፊቴን አጨፍግጌ፣ ጣቴን ቀስሬ። እንደ ተማሪ ልጅ መቆሜ ያቃጥለኝ ነበር። ተሳፋሪው አወቀብን፤ አንዱ ጎረምሳ «እትዬ፣ ባልሽን ከየጎሚስታው ጋር ልትድሪው ነው?» አላት። «እሱ ካገባኝ በኋላ የሚያገባው ጎማ ብቻ ነው» አለችው፤ አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ገዋኔ ላይ ከአንድ ግድግዳ ጥግ ሽንቴን ሸንቼ ስዞር ካሜራው ቀጭ አለ። ተናደድኩ። ምን እንዳሳቃት ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው፤ ግድግዳው ላይ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ተጽፎ ነበር። በሕይወቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበብኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። ሌላ ሰው በዳዊት ወይም በቁርአን ይጀምራል።

ከባቲ በላይ አቀበቱ ላይ አውቶቡሱ ጋለና ውኃ እስኪጠጣ ወረድን። ነፋስ ነበር። ዘህራ ገደሉ ጫፍ ላይ ካለች ድንጋይ አጠገብ ቆማ ካሜራውን ዘረጋችልኝ። «አንዴ እንኳ አንተ እኔን አንሳኝ። ይቺን መጫን ነው፣ በቃ።» ወስጄ አገላበጥኩት፣ እዚህም እዚያም ነካካሁ። ከዚያ ተጫንኩ። ቀጭ አላለም። ጠበቅሁ፣ ደግሜ ተጫንኩ።

ሀርጌሳ ስንገባ ፎቶውን ሁሉ ፍላሹ ላይ አስገለበጠች። ከዚያ ጀምሮ ጁምዓ ጁምዓ ኢንተርኔት ካፌ ሰዓት እየገዛን አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ወንበር እናስጠጋለን። የእኔ ፊደል ገበታ ያ ነው። ሻይ ቤትን ስጨርስ ጎሚስታ ትከፍትልኛለች፤ የጎሚስታን «ስ» ስፌት ውስጥ ፈልግ ትለኛለች። ፊደሉን ያለ ቦታው አላውቀውም ነበር፤ ዛሬም «ፀ»ን ሳይ ድሬ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ያለው አቧራ ይሸተኛል። እኔ ያነሳኋት ግን አልወጣችም። በቦታዋ አመድማ ሳጥን ብቻ ነበር። የካፌው ሰውዬ ሞክሮ ሞክሮ «ተበላሽቷል» አለ። «በዕድሜህ አንድ ፎቶ ብታነሳ እሱንም ገደልከው!» አለችኝ። ስትታመምም፣ አልጋ ላይ ሆናም ቢሆን በዚህ ታሾፍብኝ ነበር።

ለከድጃ ግን የነገረቻት ግማሹን ነው። «አቀበቱ ላይ ነፋሱ ሻሼን ወስዶ፣ ጸጉሬ ተበትኖ፣ ጀማል አነሳኝ» ብላ ስቃ ነግራታለች። መበላሸቱን አልነገረቻትም። እና ዘህራ ስትሞት ከድጃ ያሰበችው የእህቷን ጸጉር ነው። «ሞት ኒካሑን ፈትቶታል፣ አንተ አሁን ባዳ ነህ» አለችኝ። «ነገ ሌላ ታገባለህ፤ የምታገባት ሴት ጓደኞቿን ሰብስባ የእህቴን ጸጉር ስታይ ልትውል ነው?» እንዲህ ያለ ፎቶ የለም አልኩ። አለ አለች። ተበላሽቷል አልኩ። ውሸታም አለችኝ። ሽማግሌ ብልክ ሽማግሌውን አባረረች። እኔም ሌላ አላገባሁም። ያላገባሁት ለዘህራ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ከድጃ ያለችው እንዳይደርስላትም ብዬ ነው።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ብሩሹን ጋዝ ውስጥ አስቀመጥኩና «ተነሺ» አልኳት።

«ሴት ናት የምትከፍተው» አለች። «አንተ ውጭ ትቀመጣለህ። ጸጉሯ ያለበትን ለይቼ አጠፋለሁ፤ የቀረው ያንተ ነው።»

«የለም እንጂ!»

«እናየዋለን።»

መሐል ከተማ ሆዳን የምትባል ወጣት ሴት የሠርግ ፎቶ ቤት አላት። እዚህ አገር በሴቶች አዳራሽ ሠርግ ሲሆን ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል፤ የምታነሳውም፣ ከካርዱ ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጠውም ሴት ናት። ደጃፏ ላይ ወፍራም መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ውጭ የወንዶች አግዳሚ ወንበር። እዚያ ላይ ተቀመጥኩ። የገዛ ሚስቴን ፎቶ ለማየት የሌላ ሰው ሙሽራ እንደሚጠብቅ ሹፌር ጉልበቴን አቅፌ። 

የሚነጋገሩት በሶማሊኛ ነው፣ ሁሉም ይሰማኛል። መጀመሪያ የሆዳን ኮምፒውተር ለፍላሹ የሚሆን ቀዳዳ አልነበረውም፤ አዲሶቹ ቀዳዳቸው ጠባብ ነው። ማገናኛ ፈልጋ ሰካችው። አላነበበውም። ነቅላ በላጲስ ጠረገችው፣ መልሳ ሰካችው። ዝም።  አሥር ጊዜ «ያ ረቢ» የምትለው ከድጃ ናት።

«መጣ!» አለች ሆዳን፣ ከድጃን በእነሱ ወግ ኤዶ፣ አክስቴ፣ እያለች። «ኤዶ፣ ከት ላድርገው ኮፒ?»

«ምንድን ነው ልዩነቱ?»

«ከት ካደረግሁት ከፍላሹ ወጥቶ እኔ ጋ ይገባል። ኮፒ ከሆነ እዚያም ይኖራል፣ እዚህም።»

«ኮፒ!» አለች ከድጃ።

«ኮፒ!» አልኩ እኔም ከመጋረጃው ውጭ። ዘህራ ከሞተች ወዲህ የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ትንሽ ቆይቶ ሆዳን ሳቀች። «ኤዶ፣ ይሄ የተቆጣ ሰውዬ ማነው?»

«የቱ? … እሱን እለፊው። ሌላ ክፈቺ።»

«ይሄም እሱ ነው።»

«ሌላ።»

«እሱ ነው ኤዶ። ሁሉም እሱ ነው።»

 ከዚያ መጋረጃው ተገለጠ። «ና ግባ» አለችኝ ከድጃ በአማርኛ። «ሞልተህ ያለኸው አንተው ነህ።»

ገባሁ። ጸጉሬ ጥቁር፣ ኮቴ ቡኒ፣ አንገቴ ቀጭን። በየሰሌዳው ሥር ዓለምን የጠላሁ ሰው መስዬ ቆሜአለሁ። ከድጃ ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት አስጠግታ «ምን ይላል?» አለችኝ። ሞራው ፊደሉን አያሳያትም። «ልብስ ስፌት» አልኳት። «ይሄስ?» «ጎሚስታ።» «ይሄስ?» ገዋኔን ስነግራት በሳቅ ሳል ያዛት። አንድ በአንድ አነበብኩላት። የማታ ፀሐይ ባለባቸው ላይ ከእግሬ ሥር አንድ ቀጭን ጥላ ተኝቷል፤ ክርኑ ወደ ላይ ታጥፎ፣ ካሜራ ይዞ። «እሷ ናት» አልኩ። ከድጃ ጥላውን በጣቷ ነካችው። ኮምቦልቻ ላይ ከእናቷ ጋር፣ ከሩቅ፣ ተከናንባ አንዲት አለች። ፊቷ የምስር ያህል ነው። ከዚያ በላይ አልነበረም። ከድጃ ተነፈሰች።

«ጸጉር የለማ» አለች ቀስ ብላ። ደስ ያላት አይመስልም።

«ነግሬሽ ነበር።»

«ይቺ ግን ፎቶ አይደለችም፣ አደር» አለችኝ ሆዳን፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ አመድማዋን ሳጥን እያሳየች። «ፊልም ናት። ያኔ ኮምፒውተሩ መክፈቻው ስላልነበረው ይሆናል ያልወጣችው።» ተጫነችው።

ድንጋይዋ። ገደሉ። ዘህራ። ለፎቶ ቆማለች፤ እጇን አጣምራ፣ አፏን ገጥማ፣ ሳትነቃነቅ። እኔ የማይሆነውን ነክቼ ኖሮ ካሜራው ፊልም እየቀዳ ነው፤ እሷ ግን ፎቶ መስሏት ትጠብቃለች። ቀሚሷ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዓይኗ ይርገበገባል። ፊቷ ይኸው፣ ሙሉ ፊቷ፣ የረሳሁት የቅንድቧ ጠባሳ ሳይቀር። ከዚያ ነፋሱ መጣ። ሻሿ ተነሳ፤ ልትይዘው ስትል አመለጣት፣ ጸጉሯ ተለቀቀ።

የከድጃ መዳፍ መስታወቱ ላይ አረፈ።

«አላልኩህም?» አለች።

«አልሽኝ።»

«ውሸታም ብዬሃለሁ።»

«ብለሽኛል።»

እጇን አላነሳችም። ከእጇ ሥር ድምፅ ወጣ። «ጀማል፣ አነሳኸኝ?» የእኔ ድምፅ፣ የጎረምሳ ድምፅ፣ «ቆይ፣ አትነቃነቂ» ይላል። እሷ ትስቃለች። «ጸጉሬ ወጥቷል እኮ! ከድጃ ብታይ ትገድለኛለች።» ደግማ ሳቀች፣ ነፋሱ ድምፁን በላው፣ ፊልሙም ቆመ።

ሆዳን አማርኛ አታውቅም፤ ለምን እንደምናለቅስ ሳይገባት ሶፍት አቀበለችን። ከድጃ ፊቷን አልጠረገችም።

«አደር፣ ላጥፋው?» አለች ሆዳን። «ኤዶ ጸጉር ያለበት ይጥፋ ብላለች።»

ከድጃን ልለምናት አልፈለግሁም፤ ድሮም አልለመንኳትም። ከድጃ መዳፏን ከመስታወቱ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። ወንበሯን ወደ ጎን ሳበችና ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ከመጀመሪያው ክፈቺው» አለቻት። «ይየው። ባሏ ነው።»

ነገሩ ያለቀው ጥቅምት ዘጠኝ ቀን፣ ሐሙስ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው።